ኩባ ውስጥ ስልክ እንዴት ቦርሳ ሆነ?

ሃቫና ውስጥ ዶላር ዛሬ ስንት ገባ ብሎ ማወቅ የፈለገ ሰው ባንክ አይሄድም። ስልኩን አውጥቶ ኤል ቶኬ የሚባለውን የዜና ድረ ገጽ ይከፍታል። ቁጥሩ እዚያ ተቀምጧል። ዶላር ይህን ያህል ፔሶ፣ ዩሮ ይህን ያህል፣ ኤምኤልሲ (ኋላ የምናየው የካርድ ገንዘብ) ይህን ያህል። ቲማቲም ሻጩም፣ ታክሲ ነጂውም፣ ቤት አከራዩም እሱን አይቶ ነው ዋጋ የሚቆርጠው። መንግሥት ቁጥሩን አይወደውም። ድረ ገጹም አገር ውስጥ ተዘግቷል፤ ሰዉ በቪፒኤን ነው የሚገባው። ቪፒኤን የሌለው ጎረቤቱን ይጠይቃል።

ኩባ ለእኛ እንግዳ አገር አይደለችም። በ1970ዎቹ መጨረሻ ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት ኩባውያን ወታደሮች ከኛ ጎን ተሰልፈዋል። ከዚያ በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ልጆች ኢስላ ዴ ላ ሁቬንቱድ በምትባለው ደሴት ተምረዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ስፓኒሽ የሚያንበለብል ጎልማሳ ካጋጠማችሁ ከነሱ አንዱ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዛሬ እዚያ ሰው እንዴት እንደሚገዛና እንደሚሸጥ ማወቁ አይከፋም። ደግሞ ብዙው ነገር ሲነገር "ይሄንን የት ነው የማውቀው?" ያሰኛል። እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታትና ቀናት በሙሉ፣ ለይቼ ካልጠቀስኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስልኩ ራሱ እንዴት እንደገባ እንይ። ተራ ኩባዊ በስሙ የሞባይል መስመር እንዲያወጣ የተፈቀደለት በ2008 ነው፣ ራውል ካስትሮ ሥልጣን እንደያዘ። የስልክ ኢንተርኔት ግን ገና አልነበረም። በ2015 መንግሥት አደባባዮችና መናፈሻዎች ላይ ዋይፋይ ተከለ። ሃቫና ላ ራምፓ የሚባለው ቁልቁለት መንገድ ዳር ሰው አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ተደርድሮ ተቀምጦ፣ እጁ ላይ የሚፋቅ ካርድ ይዞ፣ ረጅም ቁጥር እያስገባ፣ ሚያሚ ካለ ወንድሙ ጋር በቪዲዮ ሲያወራ ማየት የተለመደ ሆነ። ልቅሶም፣ ልደትም፣ የጋብቻ ጥያቄም መንገድ ላይ፣ ሰው ፊት። አንድ ሰዓት 2 ዶላር ገደማ ነበር። የመንግሥት ሠራተኛ የወር ደመወዝ ደግሞ 30 ዶላር እንኳን በቅጡ አይሞላም። አስሉት፤ አስራ አምስት ሰዓት ስታወሩ ደመወዙ አለቀ።

ሰዉ ግን ኢንተርኔት እስኪመጣለት እጁን አጣምሮ አልጠበቀም። ኤል ፓኬቴ የሚባል ነገር ፈጠረ። በየሳምንቱ አንድ ቴራባይት የሚሆን ፊልም፣ ተከታታይ ድራማ፣ ዘፈን፣ የስልክ መተግበሪያ በሃርድ ዲስክ ተጭኖ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። ደንበኛው ፍላሹን ይሰጣል፣ የፈለገውን ያስገለብጣል፣ ይከፍላል። የሚገርመው ፊልሙ አይደለም። ፓኬቴው ውስጥ የሬቮሊኮ ማስታወቂያም ይገባ ነበር። ሬቮሊኮ ከ2007 ጀምሮ የነበረ የመሸጫና መግዣ ድረ ገጽ ነው። ፍሪጅ፣ መኪና፣ ቤት፣ የአየር ማቀዝቀዣ፣ ሁሉም እዚያ ይለጠፋል። ኢንተርኔት የሌለው ሰው ድረ ገጹን በፍላሽ ይዞ ቤቱ ገብቶ ያስሳል፣ ስልክ ቁጥሩን ይጽፋል፣ ይደውላል። ኦንላይን ገበያ ያለ ኦንላይን ማለት ነው። እኔ ይህንን ሳስብ ለዚያ ሕዝብ ያለኝ አክብሮት ይጨምራል።

ከዚያ ታኅሣሥ 2018 መጣ። ኤቴክሳ፣ ማለትም የአገሪቱ ብቸኛ የቴሌ ድርጅት፣ የሞባይል ዳታ ከፈተ። 4 ጊጋባይት 30 ዶላር ገደማ፣ ያው የወር ደመወዝ። ስልኩም ቢሆን ሱቅ እንደልብ አይገኝም። ከፓናማ፣ ከጉያና፣ ከሚያሚ በሻንጣ የሚያመጡ ሰዎች አሉ፤ "ሙላ" ይሏቸዋል፣ በቅሎ ማለት ነው። የተሰበረ ስክሪን የሚቀይሩ፣ ባትሪ የሚፈልጉ የጥገና ቤቶች በየሰፈሩ ሞልተዋል። እዚያ ስልክ አይጣልም።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። ደመወዙ 30 ዶላር የሆነ ሰው ይህንን ስልክና ይህንን ዳታ በምን ይከፍላል? መልሱ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አይከፍልም። የሚከፍለው ውጭ ያለው ዘመድ ነው።

ኤቴክሳ ይህንን ገና ድሮ ገብቶታል። ከውጭ በዶላር ካርድ ለሚሞላ ሰው የተለየ ጉርሻ ይሰጣል፤ እጥፍ ሂሳብ፣ ተጨማሪ ዳታ፣ አንዳንዴም ገደብ የሌለው ኢንተርኔት። ማስተዋወቂያው ሲወጣ ሃቫና ያለው ወጣት ማድሪድ ላለች እህቱ "ቅናሹ ወጥቷል፣ አደራ" ብሎ ይጽፋል። እሷ ትሞላለች። ለመንግሥት ዶላር ገባለት፣ ለልጁ ሂሳብ ገባለት።

ታዲያ ያ ሂሳብ፣ እነሱ ሳልዶ የሚሉት፣ ራሱ ገንዘብ ሆነ። ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፋል። ብዙ የተሞላለት ሰው ግማሹን ለጎረቤቱ በጥሬ ፔሶ ይሸጣል። እኛም "ካርድ ላክልኝ" ስንል የምናውቀው ነገር ነው፣ እዚያ ግን ንግድ ሆነ። ውጭ ዘመድ ያለው ሰው የዳታ ቸርቻሪ ሆነ ማለት ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንግባ፣ እዚህ ጋ ትንሽ ይወሳሰባል።

ኩባ ለረጅም ዓመታት ሁለት ገንዘብ ነበራት። አንዱ ተራው ፔሶ፣ ደመወዝ የሚከፈልበት። ሌላው ሲዩሲ የሚባል፣ ከዶላር እኩል ነው ተብሎ የታተመ ወረቀት። ጥር 2021 ላይ ሁለተኛው እንዲቀር ተደረገ፤ አንድ ዶላር 24 ፔሶ ነው ተባለ። ችግሩ፣ ባንክ ሄደህ 24 ፔሶ ሰጥተህ ዶላር ስጡኝ ብትል የለም። ዋጋው ነበረ፣ ዶላሩ አልነበረም።

በዚሁ መሃል ሦስተኛ ገንዘብ ተወልዷል። ኤምኤልሲ ይባላል፣ በነጻ የሚመነዘር ገንዘብ እንደማለት። ወረቀት የለውም፣ ሳንቲም የለውም። የባንክ ካርድ ላይ ያለ ቁጥር ብቻ ነው። በ2019 መጨረሻ ፍሪጅና ቴሌቪዥን በዚህ ካርድ ብቻ የሚሸጡ የመንግሥት ሱቆች ተከፈቱ፤ ሐምሌ 2020 ላይ ምግብና ሳሙናም ተጨመረ። ደመወዝ በፔሶ፣ ዘይትና ሳሙና በኤምኤልሲ። ካርዱ ላይ ቁጥር የሚገባው ደግሞ በአብዛኛው ከውጭ ሲላክ ነው። ዘመድ የሌለው አስተማሪ፣ ሐኪም፣ ጡረተኛ የገዛ አገሩ ሱቅ ውስጥ ገብቶ በገዛ ደመወዙ መግዛት አቃተው። ይህንን ደግሜ ስጽፈውም ያመኛል።

ስለዚህ ምን አደረጉ? ፔሶ ያለው ኤምኤልሲ ካለው ሊገዛ ፈለገ። የት ይገናኛሉ? ቴሌግራምና ዋትሳፕ ላይ። ቡድኖች ተከፈቱ፣ አንዳንዱ ውስጥ ብዙ ሺህ ሰው አለ። "200 ኤምኤልሲ እሸጣለሁ፣ ቬዳዶ።" "100 ዶላር እገዛለሁ፣ ንጹሕ ኖት፣ ሴንትሮ ሃቫና።" ንጹሕ ኖት የሚለው ቃል ዝም ብሎ አልገባም፤ የተቀደደ፣ ቀለም የነካው ወይም ትንንሽ ዶላር ዋጋው ይቀንሳል።

ግብይቱ እንዲህ ይሆናል እንበል። ሻጭና ገዢ አንድ በር ላይ ይገናኛሉ። ገዢዋ የካርድ ቁጥሯን ታሳያለች። ሻጩ ትራንስፈርሞቢል የሚባለውን የኤቴክሳ መተግበሪያ ይከፍታል። ይህ መተግበሪያ ዳታ ባይኖርም ይሠራል፤ ልክ እኛ ኮከብ ምናምን መሰላል ብለን እንደምንደውለው በኮከብ 444 መሰላል ነው የሚሄደው። ቁጥሩን ያስገባል፣ ይልካል። ከዚያ ሁለቱም ቆመው ይጠብቃሉ። እሷ ፔሶውን አትሰጥም፤ በስክሪን ፎቶ ብዙ ሰው ተጭበርብሯል። ከባንኩ ስልኳ ላይ መልእክት ቱስ ሲል ነው የምትቆጥርለት። ፔሶው ደግሞ ብዙ ነው። ለዓመታት ትልቁ ኖት 1000 ፔሶ ነበር፤ በ2025ቱ የመንገድ ዋጋ 2 ዶላር ከ50 ሳንቲም ማለት ነው። ስለዚህ ቆጠራው ይረዝማል።

ይህ በየቀኑ በሺዎች በሚቆጠሩ በሮች ላይ ይሆናል። ዋጋውን ግን ማን ይወስናል? ማንም። ወይም ሁሉም። ኤል ቶኬ ያደረገው ነገር በሐሳብ ቀላል ነው። በኮምፒውተር ፕሮግራም በየቡድኑና በየድረ ገጹ የተለጠፉትን ማስታወቂያዎች ይሰበስባል፣ ዋጋቸውን ያነባል፣ ከዚያ በቅደም ተከተል ደርድሮ መሃል ላይ ያለውን ይወስዳል። አማካይ አይደለም፣ መሃለኛው ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። አምስት ሰዎች 395፣ 400፣ 400፣ 405 እና 900 ብለው ቢለጥፉ መሃለኛው 400 ነው። 900 ያለው ሰው ብቻውን ቀረ፤ አማካይ ቢሆን ኖሮ ግን ወደ 500 ይጎትተው ነበር። ዋጋውን ሆን ብሎ ማናር የፈለገ ሰው በአንድ ማስታወቂያ አይሳካለትም።

እርግጥ ነው፣ ማስታወቂያ ግብይት አይደለም። ሰው የሚመኘውን ይለጥፋል፣ በር ላይ ሲደርስ ይከራከራል። የኩባ መንግሥት ደግሞ ድረ ገጹ በውጭ ገንዘብ እየተደገፈ ኢኮኖሚውን ለማፍረስ ዋጋ ያንራል ብሎ ይከሳል። በኔ አስተያየት ክሱ ነገሩን ይገለብጠዋል። ድረ ገጹ ነገ ጠዋት ቢጠፋ ዶላር የሚፈልገው ሰው ቁጥር በአንድ እንኳን አይቀንስም፤ የሚቀንሰው ስንት እንደሆነ የሚያውቀው ሰው ነው። ያኔ የሚጎዳው ደግሞ ሴት ልጇ የላከችላትን 50 ዶላር ይዛ የመጣችው እናት ናት፣ መንዛሪው እንዳሻው ይነግራታል።

ዶላሩ ለምን ጠፋ ለሚለው ምክንያቱ ብዙ ነው። ቱሪስት በ2019 ከ4 ሚሊዮን በላይ ነበር፣ በ2024 ወደ 2.2 ሚሊዮን ወረደ። የአሜሪካ ማዕቀብ ከ1962 ጀምሮ አለ፣ ትራምፕ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ደግሞ በረታ። መንግሥት ጉድለቱን ፔሶ እያተመ ሸፈነ። ኅዳር 2021 ላይ ኒካራጓ ለኩባውያን ቪዛ አነሳች፤ ያኔ መሰደድ የፈለገው ሁሉ ቤቱን፣ ሞተሩን፣ ፍሪጁን ሬቮሊኮና ፌስቡክ ላይ እየሸጠ የአውሮፕላን ቲኬትና የደላላ ክፍያ በዶላር ገዛ። በዚያው ዓመት አነስተኛና መካከለኛ የግል ድርጅቶች ተፈቀዱ፤ ሚፒሜ ይሏቸዋል። በሺዎች ሆነው ዶሮ፣ ሩዝ፣ ዘይት ከውጭ ያስገባሉ። ለዓመታት ባንክ ዶላር ስላልሸጠላቸው እነሱም ከመንገዱ ገበያ ነበር የሚገዙት። ስለዚህ አንዲት እናት የሸጠችው 50 ዶላር ዞሮ ዞሮ አንድ ነጋዴ እጅ ይገባል፣ ነጋዴው ዶሮ ያመጣበታል፣ ዶሮውን ለእሷው መልሶ ይሸጥላታል። 24 የነበረውን ዶላር በ2022 ነሐሴ መንግሥት ራሱ በ120 እገዛለሁ አለ፤ ዶላሩ በ2024 መንገድ ላይ 300 አለፈ፣ በ2025 ደግሞ 400።

ጥቁር ገበያ የሚለውን ቃል እኛ በደንብ እናውቀዋለን። በኛ አቆጣጠር ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ ይወሰን ሲባል የባንኩ ዋጋ ወደ መንገዱ እንዴት እንደሮጠ አይተናል። ልዩነቱ፣ የኛ ሰው መንገዱን የሚሰማው ከደላላና ከወዳጅ ነበር፤ የኩባው ሰው ግን ያንን ዋጋ በየቀኑ ተሰልቶ ስልኩ ላይ ያገኘዋል።

ገንዘቡ ከውጭ የሚመጣበት መንገድም ተቀይሯል። ዌስተርን ዩኒየን ኩባ ውስጥ 407 መክፈያ ቦታዎች ነበሩት። አጋሩ በኩባ ጦር ሥር ያለ ድርጅት ነው ተብሎ ማዕቀብ ሲጣልበት ኅዳር 2020 ላይ ተዘጋ። በ2023 ተመለሰ፣ የካቲት 2025 ላይ እንደገና ቆመ። ታዲያ ሰው መላክ አቆመ? አላቆመም። ሀዋላ ሆነ። ሚያሚ ያለው ልጅ እዚያው ሚያሚ ላለ ሰው ዜል በሚባለው የባንክ መተግበሪያ ዶላር ይልካል። ሰውየው ሃቫና ላለው ባልደረባው በዋትሳፕ አድራሻ ይጽፍለታል። ከሰዓት በኋላ ሞተረኛ በር ያንኳኳል፣ ገንዘቡን ይሰጣል፣ ለማስረጃ እናትየውን ፎቶ ያነሳል። ዶላሩ ባሕሩን ጨርሶ አልተሻገረም። አሜሪካ የቀረው ዶላር ለሚፒሜው የዶሮ ክፍያ ይውላል። አሠራሩ ዱባይና ሪያድ ላሉ እህቶቻችን አዲስ አይሆንባቸውም።

ወይም ገንዘቡ ጭራሽ ይቀራል፣ ምግቡ ይላካል። ሱፐርማርኬት 23 እና ካታፑልክ የሚባሉ የኦንላይን ሱቆች አሉ። ውጭ ያለው ሰው በቪዛ ካርዱ ይገዛል፤ ዶሮ፣ እንቁላል፣ ሩዝ፣ የሕፃን ዳይፐር በአንድ ላይ፣ ኮምቦ ይሉታል። ሃቫና ቤት ድረስ ይደርሳል። እኛም ለበዓል በግ በኦንላይን ለቤተሰብ የምንልክ ሰዎች አለን፤ እዚያ ግን የዓመት በዓል ጉዳይ አይደለም፣ የዘወትር ምሳ ነው። ልብ በሉ፣ ገዢው ሚያሚ፣ በላተኛው ሃቫና ነው። የትኛው ዶሮ፣ ስንት ኪሎ የሚለውን የሚወስነው በስልኩ ማዶ ያለው ሰው ነው። ልጅ አባቱን ምን እንደሚበላ ይመርጥለታል። ይህ በቤተሰብ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ የላከም የተላከለትም ያውቀዋል።

ነሐሴ 2023 ላይ ማዕከላዊ ባንኩ ሌላ ነገር አወጀ። ከእንግዲህ ድርጅቶችና ነጋዴዎች እርስ በርሳቸው ከ5000 ፔሶ በላይ በጥሬ ገንዘብ አይከፋፈሉም፣ ሁሉም በባንክና በስልክ ይሁን አለ። በወረቀት ላይ ሲያዩት ጥሩ ነው፤ ቴሌብርን የለመደ ሰው "ታዲያ ምን ችግር አለው?" ሊል ይችላል። ችግሩ፣ ባንኩ ራሱ ጥሬ ገንዘብ አጥቶ ነበር። ኤቲኤም ፊት ሰልፉ ገና ጎህ ሳይቀድ ይጀምራል፣ አንዳንዴ ሦስት ሰዓት ላይ ገንዘቡ አለቀ ይባላል። ነጋዴው ደግሞ ዶላር የሚገዛው በጥሬ ፔሶ ነው። ባንክ የገባለት ቁጥር መንገድ ላይ ዶላር አይገዛለትም። ስለዚህ በስልክ ልክፈል ስትለው "ዛሬ መስመር የለም" ይልሃል፣ ወይም ዋጋ ይጨምራል። ጥሬ ፔሶን በመቶኛ የሚሸጡ ሰዎችም መጡ፤ ስልክህ ላይ ያለውን 10 ሺህ ላክላቸው፣ የራሳቸውን ቆርጠው የቀረውን በወረቀት ይሰጡሃል። አንድ ፔሶ በወረቀትና አንድ ፔሶ በስልክ እኩል መሆናቸው ቀረ።

ኤምኤልሲም ዕድሜው አጠረ። ጥር 2025 ላይ ሃቫና ውስጥ 3ኛ መንገድና 70ኛ የሚገናኙበት ጋ በጥሬ ዶላር የሚሸጥ የመንግሥት ሱፐርማርኬት ተከፈተ፣ ሌሎችም ተከተሉ። የኤምኤልሲ ሱቆች መደርደሪያ ባዶ ሆነ። በዚያው ዓመት መንገድ ላይ የኤምኤልሲ ዋጋ ወደ ጥሬው ዶላር ግማሽ ገደማ ወረደ። ከዶላር እኩል ነው ተብለው ቁጥሩን ካርዳቸው ላይ ያስቀመጡ ሰዎች ሳይነኩት አለቀባቸው።

መብራቱን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ጥቅምት 2024 ላይ የአገሪቱ የኃይል መረብ በሙሉ ወደቀ፣ ከዚያም በተደጋጋሚ ወደቀ። መብራት ሲጠፋ የስልክ ማማው በባትሪ ጥቂት ሰዓት ይቆይና ይሞታል። ያኔ ትራንስፈርሞቢልም፣ ኤቲኤሙም፣ የዋትሳፕ ቡድኑም አብረው ይጠፋሉ። ገንዘብህ ስልክ ውስጥ ነው፣ ስልኩ ጨለማ ነው። ከአውራ ጎዳና ርቀው ያሉ ከተሞች ውስጥ ሰዉ ጥሬ ፔሶ ፍራሽ ስር የሚያስቀምጠው ከኋላ ቀርነት አይደለም፣ ዳቦ ስለሚገዛበት ነው።

ከዚያ ግንቦት 30 ቀን 2025 መጣ። ኤቴክሳ አዲስ ታሪፍ አወጣ። በአገር ውስጥ ፔሶ መሙላት የሚቻለው በ30 ቀን 360 ፔሶ ብቻ ሆነ፣ እሱም 6 ጊጋባይት ይሰጣል። ካለቀ ቀጣዩ 3 ጊጋባይት 3360 ፔሶ። ዝቅተኛው የወር ደመወዝ 2100 ነበር። ድርጅቱ ያቀረበው ምክንያት ፈጠራ አልነበረም፤ መሣሪያ የሚገዛው በዶላር ነው፣ ዳታ የሚሸጠው በፔሶ ነው፣ ማማዎቹ አርጅተዋል። ከውጭ በዶላር የሚሞላ ግን ገደብ የለበትም። ማለትም ድርጅቱ ደንበኛዬ ማን እንደሆነ አውቄዋለሁ አለ፣ እሱም ደሴቲቱ ላይ አይኖርም።

ያልተጠበቀው የመጣው ከዩኒቨርሲቲ ነው። የሃቫና ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ በተለይ የሒሳብና የኮምፒውተር ሳይንስ ፋኩልቲው፣ ክፍል አንገባም አሉ። መግለጫ ጻፉ፣ በየፋኩልቲው በቴሌግራም ተቀባበሉት። ይህ ኩባ ውስጥ ቀላል ነገር አይደለም። ሐምሌ 2021 ሕዝብ አደባባይ ሲወጣ ኢንተርኔቱ ተቋርጦ፣ ብዙ ሰው ታስሮ ነበር። ተማሪዎቹ ለራሳቸው ቅናሽ አልጠየቁም፤ ታሪፉ ለሁሉም ይነሳ ነው ያሉት፣ ለእናቶቻችንም ለጎረቤቶቻችንም። ድርጅቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ መልስ ሰጠ። ተማሪ የሆነ ሰው በወር ሁለተኛ ባለ 360 ፔሶ ጥቅል መግዛት ይችላል፣ ሌላ 6 ጊጋባይት። ተማሪ ላልሆነው ዋጋው እንዳለ ቀረ።